«ቢያንስ» ሲባል ማነስ አይደለም

«ለስብሰባው ቢያንስ 50 ወንበር ያስፈልጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር የቀረበለት የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ የወንበሮቹን ብዛት ወ ብሎ ብዙ ጊዜ ወ < 50 ብሎ ይጽፋል። ለምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም፤ ቃሉ ውስጥ «ማነስ» አለ፣ ዓይኑ ያረፈውም እዚያ ላይ ነው። «ቢበዛ 50» ሲባል ደግሞ «መብዛት» ያይና ወ > 50 ይላል። ሁለቱም ተገላቢጦሽ ናቸው። ይኸው ልጅ ግን እናቱ ወደ ገበያ ስትልከው «ቢያንስ ሁለት መቶ ብር ያዝ» ብትለው መቶ ሃምሳ ይዞ አይወጣም። አማርኛውን በደንብ ያውቀዋል። ያላወቀው፣ የሚያውቀውን አማርኛ ወደ ምልክት የሚቀይርበትን መንገድ ነው።

በእኔ እምነት የቃላት ፕሮብሌም ላይ የሚወድቅ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ስሌቱ ላይ ሳይሆን ንባቡ ላይ ነው። ያለእኩልነት፣ ማለትም አንዱ ከሌላው እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ የሚናገር የሒሳብ ዓረፍተ ነገር፣ ደግሞ ይህን ከእኩልነት ይልቅ አጉልቶ ያሳያል። እኩልነት ላይ ግራና ቀኙን ብናምታታ እንኳ ምልክቱ ያው ነው። ያለእኩልነት ግን አቅጣጫ አለው፤ አንዲት ቃል ከተሳተች መልሱ ከነጭራሹ ወደ ተቃራኒው ይዞራል።

ስለዚህ ከንባቡ ልጀምር። «ቢያንስ» ውስጥ ያለችው «ቢ» የሁኔታ ምልክት ናት። «ቢያንስ 50» ማለት «አነሰ ቢባል 50 ነው» ማለት ነው፤ ቁጥሩ ሊወርድ የሚችልበትን የመጨረሻ ወለል ይናገራል። ከወለሉ በታች የለም፣ ወለሉ ራሱ ግን ይፈቀዳል። ወ ≥ 50። «ቢበዛ 50» ደግሞ «በዛ ቢባል 50 ነው»፤ ጣሪያ ነው፤ ወ ≤ 50። ተማሪው «ወለል ነው ወይስ ጣሪያ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስለመድ ቃላት ከማስሸምደድ ይሻላል። «ቢያንስ» ሲያዩ ይህን ምልክት፣ «ቢበዛ» ሲያዩ ያንን ምልክት ጻፉ የሚል ሠንጠረዥ ለአንድ ፈተና ይጠቅም ይሆናል፤ ዓረፍተ ነገሩ ትንሽ ሲጠማዘዝ ግን ይከዳል።

አሉታዊው ግሥ ሌላው ወጥመድ ነው። «ከ50 አይበልጥም» የሚለውን ብዙዎች ወ < 50 ይሉታል። መብለጥ ሲካድ ግን የሚቀረው ማነስ ብቻ አይደለም፤ እኩል መሆንም አለ። ልክ 50 የሆነ ነገር ከ50 በልጧል? አልበለጠም። ስለዚህ ይገባል፤ ወ ≤ 50። በተመሳሳይ መንገድ «ከ50 አያንስም»፣ «ከ50 ያላነሰ» ሁለቱም ወ ≥ 50 ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ልክ ድንበሩ ላይ ቢሆንስ? «ከ18 ዓመት በታች» ሲባል ልክ 18 የሆነው አይገባም። «18 ዓመት የሞላው» ሲባል ይገባል። «እስከ 23 ኪሎ» ሲባል 23 ኪሎው ራሱ ይፈቀዳል። «ከ18 ዓመት በላይ» የሚለው በማስታወቂያ ላይ ላላ ብሎ ይነገራል፤ ሰዎች 18 የሞላውንም ጨምረው ይረዱታል። በሒሳብ ጥያቄ ላይ ግን «በላይ» ማለት ድንበሩን አይጨምርም። ፈተና የሚያወጣ መምህር ይህን ልዩነት አውቆ ቢጽፍ፣ ወይም «18ን ጨምሮ» ብሎ ቢያብራራ፣ ልጆቹን ከአላስፈላጊ ክርክር ያድናቸዋል።

አሁን ወደ አንዲት ፊደል እንሂድ። «አልማዝ ከደረጀ ትበልጣለች።» «አልማዝ ከደረጀ በ5 ዓመት ትበልጣለች።» የመጀመሪያው ያለእኩልነት ነው፤ የአልማዝን ዕድሜ አ፣ የደረጀን ደ ካልን አ > ደ። ሁለተኛው ግን እኩልነት ነው፤ አ = ደ + 5። ግሡ አልተቀየረም። የተጨመረችው «በ» ብቻ ናት፤ ልዩነቱን ለክታ ስላስቀመጠች ዓረፍተ ነገሩ ከግምት ወደ ቁርጥ ተሸጋገረ። ተማሪው «ትበልጣለች» የሚለውን ብቻ አይቶ > ካስቀመጠ የተሰጠውን መረጃ ግማሹን ጣለ። አ > ደ + 5 ቢል ደግሞ ያልተባለ ነገር ጨመረ፤ እሱ «ከ5 ዓመት በላይ ትበልጠዋለች» ለሚለው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ይኸው ችግር ሌላ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ «ፋይቭ ሌስ ዛን» መቀነስ ነው፣ «ፋይቭ ኢዝ ሌስ ዛን» ደግሞ ማወዳደር ነው። በአማርኛ «በ»ን ማየት የለመደ ልጅ እዚያም «ኢዝ»ን ፈልጎ ያገኛል።

«ከ» ደግሞ ቅደም ተከተልን ትወስናለች። «ከአንድ ቁጥር 5 ሲቀነስ» ሀ − 5 ነው። «አንድ ቁጥር ከ5 ሲቀነስ» 5 − ሀ ነው። ቃላቱ በየትኛውም ተራ ቢመጡ «ከ» የተለጠፈችበት ነገር መጀመሪያ ይጻፋል፤ የሚቀነሰው ከእሱ ነውና። «5 ከአንድ ቁጥር ሲቀነስ» ብንልም ሀ − 5 ነው፤ 5 በንባብ ስለቀደመ ብቻ በጽሑፍ አይቀድምም።

«የ»ን ደግሞ ቅንፍ አድርጎ ማየት ይቻላል። «የአንድ ቁጥር 3 እጥፍና የ4 ድምር» 3ሀ + 4 ነው። «የአንድ ቁጥርና የ4 ድምር 3 እጥፍ» ግን 3(ሀ + 4) ነው። በሁለተኛው «ድምር» ከ«እጥፍ» በፊት ስለመጣ መጀመሪያ ተደምሮ በኋላ ይባዛል። ቁጥሩ 2 ቢሆን የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው 18 ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ጮክ ብሎ በማንበብ መስማት ይቻላል፤ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ይለያያል።

ስለ «እጥፍ» አንድ ነገር ልበል። «በ3 እጥፍ ይበልጣል» የሚለው አማርኛ አሻሚ ነው። አንዱ 3 ጊዜ ያህል ነው ይላል፣ ሌላው በ3 ጊዜ ያህል ተጨምሮ 4 ጊዜ ነው ይላል። ጥያቄ የሚያወጣ ሰው «3 እጥፍ ነው» ቢል ይሻላል።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የአልጀብራው ምልክት ግን መሐል ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ከግራ ወደ ቀኝ ቃል በቃል መገልበጥ አያዋጣም፤ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው መሄድ ያስፈልጋል። እንዲህ የሚል ጥያቄ እንውሰድ፦ «የአንድ ቁጥር 3 እጥፍ ከ20 ሲቀነስ የሚገኘው ውጤት፣ በቁጥሩ ላይ 4 ተደምሮ ከሚገኘው አያንስም።» መጨረሻው «አያንስም» ነው፤ ስለዚህ መሐል ላይ ≥ ይቀመጥ። አያንስም የተባለው ማነው? «ውጤቱ»፤ እሱ በግራ። ከምን? «ከሚገኘው»፤ እሱ በቀኝ። አሁን ወደ ውስጥ ገብተን ሁለቱን እንፍታ። በግራ «ከ» የተለጠፈችበት 20 ስለሆነ 20 − 3ሀ፤ በቀኝ ሀ + 4።

20 − 3ሀ ≥ ሀ + 4

መጀመሪያ አጥንቱ፣ ከዚያ ሥጋው። ይህን መንገድ የያዘ ተማሪ ሦስት መስመር የሚረዝም ዓረፍተ ነገር አያስደነግጠውም።

ሲፈታ 3ሀን ወደ ቀኝ፣ 4ን ወደ ግራ እንውሰድ፤ 16 ≥ 4ሀ፤ ሁለቱንም ጎን ለ4 ስናካፍል 4 ≥ ሀ። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ተለዋዋጩን (ያልታወቀውን ቁጥር የሚወክለውን ፊደል) በግራ ማየት ስለለመዱ ሀ ≥ 4 ብለው ይገለብጡታል። ጎኖቹ ሲለዋወጡ ግን ምልክቱም አብሮ ይዞራል፤ «4 ከሀ አያንስም» ማለት «ሀ ከ4 አይበልጥም» ማለት ነውና፣ ሀ ≤ 4። ሰፊው የምልክቱ አፍ መጀመሪያ ወደ 4 ዞሮ ከነበረ፣ ከተገለበጠም በኋላ ወደ 4 መዞር አለበት።

ያንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ ብንፈታው፣ ሀን ወደ ግራ ብናመጣ −4ሀ ≥ −16 ይሆናል። ለ−4 ስናካፍል ምልክቱ ይዞርና ሀ ≤ 4። ሁለቱ መንገድ አንድ መልስ ሰጠ። ይህ የምልክት መዞር ነገር እንደ ሥርዓት ብቻ ስለሚነገር ይረሳል ወይም ባልተገባ ቦታ ይደረጋል። ምክንያቱ ግን የቁጥር መስመሩ ላይ በዓይን ይታያል። 2 ከ5 በግራ ነው፣ 2 < 5። ሁለቱንም በ−1 ስናባዛ ዜሮን እንደ መስታወት አድርገን ወደ ማዶ እናሻግራቸዋለን። 5 ከዜሮ ይበልጥ ይርቅ ስለነበር ማዶም ይበልጥ ርቆ −5 ላይ ያርፋል፤ 2 ደግሞ −2 ላይ። አሁን −2 በቀኝ ነው፣ −2 > −5። መደመርና መቀነስ ግን ሁለቱን አብረው ያንሸራትቷቸዋል እንጂ አያገለብጧቸውም፤ ስለዚህ ምልክቱን አይነኩትም።

ሦስት ስህተቶች እዚህ አካባቢ ይደጋገማሉ። አንደኛው መርሳት ነው፤ −3ሀ ≤ 12 ካለ በኋላ ሀ ≤ −4 ማለት። ትክክለኛው ሀ ≥ −4 ነው። ሁለተኛው ከመርሳት የከፋ ይመስለኛል፤ 3ሀ ≤ −12 ላይ ምልክቱን ማዞር። ልጁ ኔጌቲቭ ቁጥር አየና አዞረ። የሚያዞረው ግን ያካፈልንበት ቁጥር ኔጌቲቭ መሆኑ ነው እንጂ የሚካፈለው ወይም ውጤቱ ኔጌቲቭ መሆኑ አይደለም። እዚህ ያካፈልነው ለ3 ስለሆነ ሀ ≤ −4። ሦስተኛው ከፍ ባሉ ክፍሎች የሚመጣ ነው፤ ምልክቱ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ በማይታወቅ ተለዋዋጭ ማባዛት ወይም ማካፈል። ከተለዋዋጩ ፊት ያለው ቁጥር ፖዘቲቭ እንዲሆን ወደሚመቸው ጎን መውሰድ ከተቻለ እሱን እመርጣለሁ፤ መዞር የሌለበት ቦታ መርሳትም የለም።

ክፍልፋይ ሲገባ ደግሞ የሚበላሸው ሌላ ነው።

(ሀ − 1)/2 − (ሀ + 2)/3 < 1

የታህቶቹ ትንሹ የጋራ ብዜት 6 ነው፤ ሁሉንም በ6 እናባዛ። 3(ሀ − 1) − 2(ሀ + 2) < 6፤ ቅንፉ ሲፈታ 3ሀ − 3 − 2ሀ − 4 < 6፤ ስለዚህ ሀ < 13። በቀኝ ያለውን 1 በ6 ማባዛት የረሳ ሰው ሀ < 8 ያገኛል። ሁለተኛው ቅንፍ ፊት ያለው መቀነሻ 4ንም እንደሚነካው የዘነጋ ሰው − 2ሀ + 4 ጽፎ ሀ < 5 ያገኛል። ሦስት ተማሪ፣ ሦስት መልስ፤ ሦስቱም ወረቀት ላይ ንጹሕ ይመስላሉ።

ማን ትክክል እንደሆነ መልሱን ገልብጦ ሳያዩ ማወቅ ይቻላል። እኩልነት ላይ መልሱን መልሶ መተካት የተለመደ ነው። ያለእኩልነት ላይ ግን መልሱ ብዙ ቁጥር ስለሆነ ተማሪዎች ማረጋገጥ የማይቻል ይመስላቸዋል፣ ወይም አንዱን ቁጥር ሞክረው «ሠራ» ይላሉ። አንድ ቁጥር መሞከር አይበቃም። ሀ = 0 ብንል −1/2 − 2/3 ከ1 ያንሳል፤ ይህ ለሦስቱም መልስ ይሠራል፣ የማንንም ስህተት አያጋልጥም። መጀመሪያ መሞከር ያለበት ድንበሩ ነው፤ ድንበሩ ላይ ግራና ቀኙ እኩል መምጣት አለባቸው። 13ን ስንተካ 12/2 − 15/3 = 6 − 5 = 1፤ ልክ ነው። 8ን ስንተካ 7/2 − 10/3 = 1/6፤ 1 አይደለም፣ ስለዚህ ድንበሩ የተሳሳተ ነው። 5ን ስንተካ 2 − 7/3 = −1/3፤ እሱም አይደለም። ድንበሩ ከጸና በኋላ አቅጣጫውን ለማየት ከአንዱ ወገን አንድ ቀላል ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ዜሮን፣ መተካት ነው። ሁለት ሙከራ፤ አንዱ ለድንበሩ አንዱ ለአቅጣጫው። ይህን ልማድ ያደረገ ተማሪ ምልክት ማዞር ረስቶ እንኳ ራሱ ይይዘዋል።

አንዳንዴ ተለዋዋጩ ጨርሶ ይጠፋል። 2(ሀ + 3) > 2ሀ + 7 ሲፈታ 6 > 7 ይቀራል፤ ይህ ፈጽሞ እውነት ስለማይሆን መፍትሔ የለውም። ምልክቱ < ቢሆን ኖሮ 6 < 7 ሁልጊዜ እውነት ስለሆነ ማንኛውም ቁጥር መፍትሔው ነው። «ሀ ስለጠፋ ሀ = 0» የሚል መልስ ወረቀት ላይ ስታዩ ልጁ ሀ ምን እንደሆነ ገና አልጨበጠም ማለት ነው።

ሀ ምንድን ነው? በፊደል የሚጠራ ያልታወቀ ቁጥር ነው። በዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ባግዳድ ላይ የጻፈው አል ኸዋሪዝሚ፣ አልጀብራ የሚለው ስም ከመጽሐፉ ርእስ የወጣው፣ ያልታወቀውን «ሸይእ» ይለው ነበር፤ በአማርኛ «ነገር» ማለት ነው። ምልክት የሚባል አልነበረውም፤ ውርስ ክፍፍሉንም ሆነ ሌላውን ስሌት ሁሉ በቃላት ነበር የሚጽፈው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ቪየት ፊደላትን በሥርዓት የተጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1591 ነው። የ< እና > ምልክቶች በሕትመት የወጡት በ1631፣ እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪየት ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ በታተመ ሥራው ላይ ነው። ከቃል ወደ ምልክት መሻገር ለሰው ልጅ ስምንት መቶ ዓመት ከወሰደ፣ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሁለት ሳምንት ቢፈጅበት ሊያስቆጣን አይገባም።

ፊደሉን ስንመርጥ ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ በ፣ ከ፣ ለ፣ የ ተለዋዋጭ አይሁኑ፤ ሥራ አላቸው። ከዚያ ደግሞ ተለዋዋጩ የቁጥር ስም እንጂ የዕቃ ስም አይደለም። «ተ = ተማሪ» ብሎ የጀመረ ልጅ «የተማሪዎቹ ብዛት የመምህራኑ 40 እጥፍ ነው» ሲባል 40ተ = መ ብሎ ይጽፋል፤ «አርባ ተማሪ ለአንድ መምህር» ብሎ እያነበበው ነው። «ተ = የተማሪዎች ብዛት» ብሎ ቢጀምር፣ መምህራኑ 3 ቢሆኑ ተማሪዎቹ 120 መሆናቸውን ቢሞክር፣ ተ = 40መ መሆኑን ራሱ ያየዋል። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሙን ከነመለኪያው መጻፍ (በብር፣ በኪሎ፣ በዓመት) አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የዕድሜ ጥያቄ ላይ ይህ በተለይ ይጠቅማል። «እናት 38፣ ልጅ 8 ዓመቷ ነው። የእናትየዋ ዕድሜ ከልጅቷ ዕድሜ 3 እጥፍ የሚያንሰው ከስንት ዓመት በኋላ ነው?» ዓ ከዛሬ በኋላ የሚያልፉት ዓመታት ብዛት ይሁን። ዓመቱ ለሁለቱም እኩል ይሄዳልና 38 + ዓ < 3(8 + ዓ)። 38 + ዓ < 24 + 3ዓ፤ 14 < 2ዓ፤ ዓ > 7። ድንበሩን እንፈትሽ፦ ከ7 ዓመት በኋላ 45 እና 15፤ ልክ 3 እጥፍ። ከ8 ዓመት በኋላ 46 እና 16፤ 46 < 48። ለልጅቷ ብቻ ወይም ለእናቷ ብቻ ዓን መደመር እዚህ የተለመደው ስህተት ነው።

መልሱ ሙሉ ቁጥር መሆን ሲኖርበት ደግሞ ትምህርት ቤት የተማርነው የማጠጋጋት ሕግ መጣል አለበት። 62 ሰው በ12 ሰው ሚኒባስ ሊጓዝ ነው፤ ሚ የሚኒባሶቹ ብዛት ከሆነ 12ሚ ≥ 62፣ ሚ ≥ 5.17 ገደማ። «ከግማሽ በታች ስለሆነ 5» ያለ ሰው ሁለት ሰው አስቀርቶ ይሄዳል፤ መልሱ 6 ነው። በሌላ በኩል፣ 23 ኪሎ የሚፈቀድለት ሻንጣ ባዶውን 4.2 ኪሎ ይመዝናል፣ ልብሱ 6 ኪሎ ነው፣ የቀረው በርበሬ ነው፤ አንዱ ጥቅል 1.5 ኪሎ። 4.2 + 6 + 1.5ጥ ≤ 23፤ 1.5ጥ ≤ 12.8፤ ጥ ≤ 8.53 ገደማ። «ከግማሽ በላይ ስለሆነ 9» ያለ ሰው 23.7 ኪሎ ተሸክሞ ሚዛን ላይ ይቆማል፤ መልሱ 8 ነው፣ 22.2 ኪሎ። የሚያጠጋጋው ምልክቱ ነው፤ ≥ ከሆነ ወደ ላይ፣ ≤ ከሆነ ወደ ታች።

ጥያቄው ሳይናገር የሚያስገድደው ነገርም አለ። 78፣ 91፣ 84 እና 80 ያመጣ ተማሪ አምስተኛው ፈተና ላይ አማካዩ ቢያንስ 85 እንዲሆን ስንት ያስፈልገዋል? የአራቱ ድምር 333 ነው፤ 333 + ፈ ≥ 425፤ ፈ ≥ 92። ፈተናው ከ100 ስለሆነ ሙሉው መልስ 92 ≤ ፈ ≤ 100 ነው። አማካዩ 90 እንዲሆን ቢፈልግ ፈ ≥ 117 ይመጣል፤ አልጀብራው ምንም ስህተት የለበትም፣ ግን 100 ጣሪያ ስለሆነ አይቻልም። የሰው ብዛት ኔጌቲቭ አይሆንም፣ ግማሽ ሰው የለም፣ ዋጋ ከዜሮ አይወርድም። እነዚህ ያልተጻፉ ያለእኩልነቶች ናቸው፤ ከተጻፈው ጋር አብረው መጻፍ አለባቸው።

ይህ ሁሉ አንድ ላይ የሚገናኝበት ጥያቄ ደመወዝ ነው። «እጄ ላይ ቢያንስ 12,000 ብር እንዲገባ ስንት ደመወዝ ልጠይቅ?» በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ ከ10,001 እስከ 14,000 ብር ላለ ደመወዝ ግብሩ 30 በመቶ ሆኖ ከግብሩ ላይ 1,350 ብር ይቀነስለታል፤ ከ14,000 ብር በላይ ደግሞ 35 በመቶ ሆኖ 2,050 ብር ይቀነስለታል። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ ነው። አበልና ሌላ ጥቅማ ጥቅም የለም እንበል፤ ደ ያልተጣራው የወር ደመወዝ በብር ይሁን።

«30 በመቶው ይሆናል» ብለን ብንጀምር፣ እጅ ላይ የሚገባው ደ − 0.07ደ − (0.30ደ − 1,350) ነው። ቅንፉ ሲፈታ 1,350 ምልክቱን ይቀይራልና 0.63ደ + 1,350። ይህ ከ12,000 እንዳያንስ 0.63ደ ≥ 10,650፤ ደ ≥ 16,904.76 ገደማ። ስሌቱ ልክ ነው። ግን ይህ ቀመር የሚሠራው ደ ≤ 14,000 እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው፤ ደ ከ16,904 እንዳያንስም ከ14,000 እንዳይበልጥም ማድረግ አይቻልም። ሁለቱ አይገናኙም፤ በዚህ እርከን ውስጥ መልስ የለም ማለት ነው። 16,905 ብር ጠይቆ የተቀጠረ ሰው እጁ ላይ የሚደርሰው 11,854.90 ብር ነው፤ እርከኑን ሳያይ ስለፈታው 145 ብር ያህል ጎደለው።

ወደሚቀጥለው እርከን እንሂድ፦ ደ − 0.07ደ − (0.35ደ − 2,050) = 0.58ደ + 2,050። 0.58ደ ≥ 9,950፤ ደ ≥ 17,155.17 ገደማ። ከ14,000 በላይ ስለሆነ ከእርከኑ ጋር ይስማማል። በነገራችን ላይ ሁለቱ ቀመሮች ደ = 14,000 ላይ እኩል ናቸው፤ 0.63 × 14,000 + 1,350 = 10,170፣ 0.58 × 14,000 + 2,050 = 10,170። ስለዚህ «ደመወዜ እርከን ቢሻገር የሚደርሰኝ ይቀንሳል» የሚለው ፍርሃት፣ ብዙ ሰው ከልቡ የሚያምነው፣ መሠረት የለውም። ከ14,000 በኋላ የሚጨመር እያንዳንዱ ብር 63 ሳንቲም በማስገኘት ፈንታ 58 ሳንቲም ያስገኛል፤ ይቀጥናል እንጂ አይቀንስም።

አሁን የቀረው ማጠጋጋት ነው። 17,155.17ን ወደ 17,155 ያወረደ ሰው ሲያሰላ 0.58 × 17,155 + 2,050 = 11,999.90 ያገኛል፤ «ቢያንስ 12,000» ከተባለ አሥር ሳንቲም ይጎድላል። ምልክቱ ≥ ስለሆነ ወደ ላይ፤ በሙሉ ብር ከተጻፈ 17,156።